ከደጄ ስለ ተወሰዱት ሦስት ሳንቃዎች

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ላቀው፤
ደባርቅ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ልጆችዎ፣ ከብቶችዎ፣ ይልቁንም ከጉብታው ላይ ተቀምጦ ጎርፍ የማያውቀው ግቢዎ እንደምን አለ? እኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ከመራሴ በቀር ደህና ነኝ።

አስቀድሜ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል ስላስቆጠሩኝ አመሰግናለሁ። ይህ በእጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለሆነ ስሕተት ቢያገኙበት፣ እኔ እርስዎን እንደታገሥኩ እርስዎም ይታገሡኝ።

አንደኛ፤ አምና በልማት ዘመቻ የተቆፈረው ቦይ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዳይረጥብ ወደ እኔ ደጅ ስለ ዞረ አቤት ብል፣ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም መሆኑን አስረዱኝ። ተረዳሁ። አናጢውን ይግዛውን ለምኜ የበሩን መቃን ግራና ቀኝ አስፈለፈልኩና፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየሆነ ከላይ ወደ ታች የሚገባ ሦስት የጽድ ሳንቃ አሠራሁ። ሰማዩ ሲያጉረመርም እሰካቸዋለሁ፣ ስንጥቁን በጭቃና በጭድ እመርጋለሁ፤ ሲያባራ እነቅላቸዋለሁ። ያን ክረምት አንድ ጣሳ ውሃ አልገባም።

ሁለተኛ፤ ዘንድሮ ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ጥቁር ሰሌዳ አጣ ተባለ። ሰዎችዎ ፀሐይ በወጣበት ሰዓት መጥተው ሳንቃዎቹን ከግድግዳ ተደግፈው ሥራ ፈትተው ስላገኟቸው ወሰዷቸው። በከሰል አጥቁረው በሚስማር አያያዟቸው፤ እኔም ከፊታቸው ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። ሌላው ፊደሉን ሲያይ እኔ የማየው የእንጨቱን አንጓ ነበር። ነጎድጓድ ሰምቼ ወደ ቤቴ በሮጥኩ ቁጥር ቀሪ ተብዬ ተጽፎብኛል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ከበደኝ። እህቴ የሺወርቅ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም፤ የምትተኛውም ከጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ነው። ቤቴ ውሃ ገባ ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ብለምንዎ «እማማ፣ የገባ ውሃ መውጣቱ አይቀርም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ ወጣ። ሲወጣ ግን የመደቡን ግርጌ ይዞ ወጣ። አሁን በቀረው ግማሽ ላይ፣ እግሯን በእንቅብ አስደግፌላት ትተኛለች። የለሰንኩት ሳይደርቅ ይዘንባል፤ ብቻዬን ደግሞ አንስቼ የማወጣት አይደለችም። በሩን ብቻ ታያለች።

ስለዚህ ሳንቃዎቹን እስከ መስቀል ብቻ እንዲያውሱኝ እለምናለሁ። የራስን ዕቃ መዋስ እንዴት ያለ ክብር እንደሆነ ገና አሁን ተማርኩ።

ለልማቱ ሲባል ደጇን ለጎርፍ ያስረከበች፣ በደረቀም በረጠበም መሬት ላይ ሆና ለእርስዎ ዕድሜ የምትጸልይ፣
አመተ ማርያም ወልደ ሩፋኤል
ነሐሴ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ያስተማሩት ሕዝብ ሁሉ እንዲያነበው ብዬ ይህን ደብዳቤ በሊጥ አድርጌ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ቅደደው ተብሎ የሚላከው ሰው ከነሳንቃው ነቅሎ ቤቴ ቢያመጣልኝ፣ ወረቀቱን እኔው እቀድለታለሁ።