ተዝካርህን ጄኔሬተሩ ሥር አወጣሁት

ገሜዬ፣ አባወራዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ወር አለፈ። ነፍስህን ይማርልኝና፣ ዛሬ የምጽፍልህ እያለቀስኩ አይደለም፤ እልህ ይዞኝ ነው።

ስፌት ማሽንህ በረንዳው ላይ እንዳለ ነው። ጠዋት ጥላሸቱን እጠርገዋለሁ፣ እስከ ማታ መልሶ ይጠቁራል። ከአጥራችን ወዲያ ያ ዳታ ማዕከል የሚሉት ሕንፃ ሲሠራ ሠፈሩ ሊያልፍለት ነው ብለህ ደስ ብሎህ ነበር። የመቱን መብራት መቼም ታውቀዋለህ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ይጠፋል። ያኔ ኮምፒውተሮቻቸው እንዳይቆሙባቸው ያንን የናፍጣ ጄኔሬተር ያስነሳሉ፤ ጭሱን ወደ እኛ። መስኮቱን በእርጥብ ነጠላ ስጋርድ እየሳልክ ትስቅብኝ ነበር። ሐኪሙ ከጭሱ ራቅ ሲልህ፣ ቤትህን ጥለህ የት ልትሄድ? የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ስንት ጊዜ ተመላለስን! በፈገግታ ሸኘን። ገደለህ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ለአርባህ ዕድርተኞቹ ድንኳኑን ደጅ ሊተክሉ ሲሉ፣ አይሆንም፣ ጓሮ፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ሥር ትከሉልኝ አልኩ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አበድሽ እንዴ ብለው ተቆጡኝ፤ ኋላ ገባቸውና ልጆቹን ሰብስበው ቤታቸው ወሰዱልኝ። ሥራ አስኪያጁን ራሴ ሄጄ ጠራሁት። ጎረቤት ነውና መቅረት አልቻለም። መሃል አስቀመጥኩት።

ደመናው ከበደ፣ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ወጡ ላይ ጥላሸት ወረደ። ቄሱ ሳያሳርጉ ከተዝካር ተነሥቶ የሚወጣ የለ፤ እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ጸሎቱን አስረዘሙት። ሰውዬው አንተ ባሳጠርክለት ሱሪ ተቀምጦ ዓይኑ ደም እስኪመስል ሳለ። አጥፉት ሊል ስልኩን ሲያወጣ፣ ባሌ ሲለምንህ ያልጠፋ ዛሬ ለምን ይጠፋል አልኩት፣ በሰው ሁሉ ፊት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ልዋሽህ አልችልም።

ጄኔሬተሩን ከአጥራችሁ ሥር አነሣዋለሁ ብሎ በቄሱ ፊት ቃል ገባ። ይኸው እስካሁን አላነሣም። ልጃችን ሲፈንም እንዳንተ መሳል ጀምራለች፤ እሷን ግን አልሰጠውም።

ሰማንያህ እየደረሰ ነው። ከዚያ መንፈቅህ፣ ከዚያ ሙት ዓመትህ፣ እሱም የክረምት እኩሌታ ላይ። ድንኳኑ እዚያው ይተከላል፣ እሱም ይጠራል። እኔ አልረሳህም ገሜዬ፤ እሱም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም።

ያንተው አስቴር