የመምህር ፊልጶስ አዳነ ሕይወት፣ ለወ/ሮ ከድጄ ከሰጡት አንድ መልስ ጋር

መምህር ፊልጶስ አዳነ ከአባታቸው ከአቶ አዳነ ኃይሌ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቄ ወልዴ ጥቅምት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በቡታጅራ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ በስልክ ኦፕሬተርነት ተመድበው የመጡ፣ እናታቸው የዚሁ አገር ተወላጅ ነበሩ። የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቡታጅራ ተከታትለው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1971 ዓ.ም. ተመርቀው በእምድብር ሥራ ጀመሩ። በ1974 ዓ.ም. ወደ ቡታጅራ ተዛውረው ሒሳብ አስተማሩ።

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ልጃቸው ኑኃሚን ነኝ። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟቹ ሁሉ ደግ፣ ሁሉ ሩኅሩኅ፣ ሁሉ ሰው አክባሪ ይሆናል። አባታችን በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው፣ «እኔ ላይ እንደዚያ እንዳታደርጊ፤ ያደረግሁትን ጻፊ፣ በአደባባይም ይነበብ» ብለው አስምለውኛል። እናንተም ታግሣችሁ ስሙኝ።

አባታችን ከማስተማሩ ጎን ለጎን በከተማው የኪነት ቡድን ውስጥ ምትሃት ያሳዩ ነበር። ከአዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት መጥቶ ከነበረ አንድ የሰርከስ ሰው ተምረው፣ ሳንቲም ከሰው ጆሮ ሲያወጡ፣ የተቆረጠ ገመድ ሲቀጥሉ ያያችሁ ዛሬም እዚህ አላችሁ። ከሁሉ የታወቁት ግን በፖስታው ነበር። ተመልካቹ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ፖስታ ውስጥ ያሽጋል፤ እሳቸው ፖስታውን ሳይከፍቱ ግንባራቸው ላይ አስደግፈው ጥያቄውን ይናገራሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል።

በመስከረም 1980 ዓ.ም. በቀበሌው አዳራሽ በታየው ትርኢት ላይ የቡታጅራ ነዋሪ የሆኑት ወ/ሮ ከድጄ ሱልጣን ከሕዝቡ መካከል ነበሩ። ልጃቸው አሚኑ ሀሰን በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት አልፎት ነበር። ወ/ሮ ከድጄ መጻፍ ስለማይችሉ ጎረቤት አስጽፈው ፖስታቸውን አስገቡ። አባታችን ፖስታውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ አሚኑ በሕይወት አለ ወይ?» ብለው ሳይከፍቱ ተናገሩ። ወ/ሮ ከድጄ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «የኔ ነው! እሺ፣ አለ ወይ? ንገረኝ እንጂ ልጄ!» አሉ።

አባታችን በዚያች ሰዓት የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ናቸው። አላውቅም ማለት ነበረባቸው። ሴትዮዋ አሳዘኗቸው፣ ሕዝቡም እያየ ነው፣ ጨነቃቸው። «አለ፣ ይመጣል» አሉ። እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦላቸው አያውቅም።

በማግስቱ ወ/ሮ ከድጄ አንድ ቅል ቅቤ ይዘው ቤታቸው መጡ። አያቴ ብርቄ ቅቤውን ተቀበሉ። አባታችን በስምንተኛው ወር ከኪነቱ ወጡ፤ ለምን ሲባሉ ጉሮሮዬን አሞኛል አሉ። እኔ የምለው፣ ምትሃት በጉሮሮ ነው እንዴ የሚሠራው? ማንም አልጠየቃቸውም። በ1981 ዓ.ም. ዝውውር ጠይቀው ወደ ወልቂጤ ሄዱ።

ሽሽት ነበር፤ አልሆነላቸውም። በአገራችን አረፋ ሲደርስ በየከተማው የተበተነ ሙስሊም ሁሉ ወደ ትውልድ ቤቱ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ወ/ሮ ከድጄ በየዓመቱ ከአረፋ አንድ ሳምንት ቀድመው አውቶቡስ ተሳፍረው ወልቂጤ ይመጡ ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ይገባል?» አባታችን አንድ ጊዜ «ይገባል»፣ አንድ ጊዜ «መንገድ ላይ ነው»፣ በኋላ በኋላ ደግሞ «እግዜር ያውቃል» እያሉ ሸኟቸው።

አባታችን በ1983 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዘርፈሽዋል ተክሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ እኔን በ1985፣ ወንድሜን በኃይሉን በ1989 ዓ.ም. ወልደዋል። እናታችን ወ/ሮ ከድጄን የአባታችን የቅርብ ዘመድ ያደርጓቸው ነበር። ሥጋ ያልነካው ድስት ለይተው፣ ጎመንና አይብ በቆጮ አቅርበው፣ ምሳ አብልተው ያሳፍሯቸዋል። እኛም «እማማ ከድጄ መጡ!» ብለን በር ላይ እንሻማባቸው ነበር፤ ከረሜላ አያጡምና። እውነቱን የሰማነው ዘንድሮ ነው። እናታችን፣ «ሠላሳ ዓመት እንጀራዬን ያበላኋትን ሴት፣ ምን ፈልጋ እንደምትመጣ አልነገርከኝም» ብለው ሦስት ቀን አኩርፈዋቸዋል። ልክ ናቸው።

ከዚህ የባሰም አለ። በ1984 ዓ.ም. አንድ ከግንባር የተመለሰ ወታደር፣ አሚኑ በግንቦት 1979 እንደወደቀና በእጁ እንደቀበረው ተናገረ። አባታችን በአዳራሹ «አለ» ባሉ ጊዜ ልጁ ከሞተ አራት ወር ሆኖት ነበር ማለት ነው። ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሩ ጎህ ሲቀድ ወ/ሮ ከድጄ ቤት ቢሄዱ፣ «ፊልጶስ ያልተከፈተ ወረቀት ያነበበ ሰው፣ አለ ብሎኛል! እናንተ ከእሱ ልትበልጡ ነው?» ብለው ከደጅ መለሷቸው። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ዱዓም አላስደረጉም። የአሚኑን አልጋ እንደተነጠፈ አኖሩት። ልጃቸው ዛህራ፣ «እናቴ፣ አዲስ አበባ እኔ ጋ ኑሪ» ብትላቸው፣ «አሚኑ ሲመጣ በሩን ማን ይከፍትለታል?» እያሉ እምቢ አሉ።

ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ የኪነቱን ከበሮ መቺ ጋሽ ጀማሉን ወልቂጤ ልከው አባታችንን አስመጧቸው። ሄደው በሩን አንኳኩ። ወ/ሮ ከድጄ እጃቸውን ዘርግተው ወጡና፣ «ይዘኸው መጣህ?» አሏቸው። አባታችን ከኋላቸው ዞር ብለው የሌለውን ሰው አዩ። «ሰላም ልልዎት ነው» ብለው ተመለሱ። ያችን ቀን እስኪሞቱ ድረስ ይረግሟት ነበር።

አባታችን የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ስለያዘው በ2010 ዓ.ም. በጤና ምክንያት ጡረታ ወጡ። ማንበብ ሲያቅታቸው ስልካቸው ላይ የውጭ አገር ምትሃተኞች ስለ ሥራቸው ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚጠየቁበትን ቃለ ምልልስ መስማት ጀመሩ። እንግሊዝኛው ፈጣን ስለሆነባቸው፣ የእንግሊዝኛ መምህርት የሆንኩት እኔ ቅዳሜና እሁድ በረንዳ ላይ እየተቀመጥኩ፣ እያቆምኩ እተረጉምላቸዋለሁ። ሰባት ዓመት! እውነቱን ልናገር፣ ይሰለቸኝ ነበር። አንዱ ሰውዬ አንዲት ሳንቲም በመዳፉ ለመደበቅ ዘጠኝ ወር መስተዋት ፊት መቆሙን ይተርካል፤ አንዱ ርግቦቹ መርከብ ላይ ስላለቁበት ያለቅሳል። አባታችን ይስቃሉ፣ ያርማሉም፤ «ይሄ ሰውዬ ዋሽቷል፤ በግራው ነው የሚይዘው።» ምሥጢሩ ላይ ሲደርስ ግን «ዝለይው፣ አውቀዋለሁ» ይሉኛል። ቃለ ምልልሱ ሲያልቅም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። «ያመነው ሰው አልነበረም? የምር ያመነው?» እኔ፣ «ኧረ አባዬ፣ ሰው ሊዝናና ነው የሚገባው» እያልኩ ስልኩን እዘጋ ነበር። የሚፈልጉት የእጅ ጥበብ አልነበረም። እንደሳቸው ያጠፋ ሰው እየፈለጉ ነበር፤ ካጠፋስ በኋላ ምን እንዳደረገ።

በዘንድሮው ዐቢይ ጾም አገኙት። ደክሞኝ ልተወው ስል፣ አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ምትሃተኛ የሚከተለውን ተናገረ። በወጣትነቱ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከትርኢት በኋላ መጥታ፣ ከባሌ ጋር አነጋግረኝ አለችው። መድረኩ ደረጃ ላይ አስቀምጦ፣ ምትሃቱ እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ አሳያት። ሴትዮዋ በጥፊ መታችው። ሽማግሌው፣ ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ አለ።

አባታችን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «በጥፊ መታችው?» አሉ። «አዎ አባዬ።» «እሱም ተኛ?» «ተኛሁ ነው የሚለው።» ከዚያ የማያዩ ዓይኖቻቸው እንባ ሞሉና ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገሩኝ። የነፍስ አባታቸውም፣ «ለእኔ ነግረኸኝ ምን ይረባታል? ለእሷ ንገራት» አሏቸው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ላለው ቅዳሜ ቀን ቆረጥን። ቀኑ ሳይደርስ ኩላሊታቸው ተዳክሞ ሚያዝያ 20 ቀን አታት ሆስፒታል ገቡ። በስልክ እንንገራቸው ብላቸው፣ «መርዶ በስልክ? ምነው ኑኃሚን!» ብለው ተቆጡኝ። ይልቁንስ ፖስታ ግዢ አሉኝ። «አፍሽን አያምኑሽም። እኔን ያመኑት በዓይናቸው አይተው ነው፤ አንቺም በዓይናቸው አሳዪያቸው።» አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጠው የፖስታውን ነገር አስተማሩኝ። ስሳሳት ወረቀቱ ሲኮሽሽ ሰምተው ያውቁብኛል። በአምስት ሳምንት ለመድሁት።

በሐኪሞችና በነርሶች ብዙ ቢደከምላቸውም፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ጠዋት በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸውም ለቀብር ወደ ተወለዱበት ቡታጅራ መጣ። እንደተመኙት በእግራቸው ሄደው አልነገሯቸውም። ለዚህ ማልቀሴን እስካሁን አላቆምኩም።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ እኔና ጋሽ ጀማሉ ወ/ሮ ከድጄ ቤት ሄድን። ነገ አረፋ ስለሆነ ዛህራም ከአዲስ አበባ መጥታለች። የአባታችንን ሞት አረዳናቸው፤ አለቀሱላቸው። ከዚያ ፖስታዎቹን አወጣሁ። ዛህራ ጥያቄ ጻፈች፣ ጋሽ ጀማሉም ጻፈ። አንዱን ፖስታ ግንባሬ ላይ አድርጌ፣ «ዝናቡ መቼ ይገባል?» አልኩ። ጋሽ ጀማሉ እንደ ድሮው፣ «የኔ ነው!» አለ። ልክ መሆኑን የማረጋግጥ መስዬ ፖስታውን ከፈትኩ። ውስጡ ያለው ግን የዛህራ ጥያቄ ነበር፤ የዝናቡን ከጋሽ ጀማሉ ጋር አስቀድመን ተስማምተንበታል፣ የእሱም ፖስታ ከታች ነው። የዛህራን በዓይኔ አንብቤ፣ ቀጣዩን ፖስታ ግንባሬ ላይ አድርጌ ተናገርኩት። ዛህራ በድንጋጤ አፏን ያዘች። ወዲያው ሁሉንም ፈታትቼ እንዴት እንደሆነ ለወ/ሮ ከድጄ አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አሳየኋቸው።

ፖስታውን ተቀብለው አገላበጡት። ውስጡን በጣታቸው ፈተሹት።

«ይኼው ነው?» አሉ።

«ይኼው ነው እማማ።»

«ወላሂ ይኼው ብቻ?»

«ይኼው ብቻ። አባቴ ስለ አሚኑ ምንም አያውቁም ነበር።»

ጋሽ ጀማሉ ተንበርክኮ ወታደሩ የተናገረውን ከነቀኑ፣ ከነቦታው ነገራቸው። በዚህኛው ጊዜ ሽማግሌዎቹን እንደመለሱ እኛን አልመለሱንም። «ዛህራ፣ የወንድምሽን አልጋ አንሺው» አሉ። ከዚያ በኋላ የጮኹትን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ።

አባታችን ባለቤታቸውን ወ/ሮ ዘርፈሽዋልን፣ ሁለት ልጆችንና አንዲት የልጅ ልጅ ማዕዶትን ትተው አልፈዋል። በማስተማር ያገለገሏቸው ተማሪዎች ብዙዎች ናቸው፤ ሒሳብ ያልገባው ልጅ ሳይዙ ወደ ቤት ገብተው አያውቁም። ይህም እውነት ስለሆነ ይነበብ።

ወ/ሮ ከድጄ አሁን ከእናታችን አጠገብ ተቀምጠዋል። ይህ ሁሉ እንዲነበብ ፈቅደዋል። እኔም ከቤታቸው ስወጣ፣ አባቴን ይቅር ይበሉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄ ነበር። ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላንብብ፦ «ይቅርታውን ዛሬ አትጠይቂኝ። መጀመሪያ ልጄን ላልቅስ።»

ቸሩ አምላክ የአባታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለአሚኑም አላህ ይዘንለት። አረፋ ካለፈ በኋላ ከፊታችን ቅዳሜ ግንቦት 30 ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን በወ/ሮ ከድጄ ቤት የአሚኑ ሀሰን ለቅሶ ነው። ድንኳናችን ነገ ማታ ተነሥቶ እሳቸው ደጅ ይተከላል፤ ወንበሩንም ዕድራችን ያደርሳል። ለአባታችን ብላችሁ ከወልቂጤም ከእምድብርም የመጣችሁ፣ እባካችሁ እስከዚያ አትመለሱ። አሚኑ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከሞተ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስም ማንም አላለቀሰለትም።