ጥዱ የት ሄደ?

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ
መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለገበየሁ፣ ዶርዜ፤

ጤንነትህን በየወሩ አገር የሚመላለሰው ሐብታሙ ነግሮኛል። ጉልበትህን እንደሚያምህ፣ ቅቤ እያሸህ ሐኪም ቤት አልሄድም ማለትህን፣ ሁሉንም ነግሮኛል። ስለዚህ እንደምን አለህ እያልኩ ወረቀት አልጨርስም። እኔ ደህና ነኝ። ሲናም አዳማ ሥራዋ ላይ ናት፤ በየእሑዱ ትደውላለች፣ «እማ በልተሻል?» ትለኛለች፣ እናቷ እኔ ሳልሆን እሷ ይመስል።

ሐብታሙ ከነገ ወዲያ ለመስቀል ወደ አገር ይወርዳል። እሱ ብቻ መቼ ሆነና፣ አንተ ታውቀው የለ፣ ሽመናው ሰፈር በሙሉ ነው የሚወርደው። ከትናንት ጀምሮ የመወርወሪያው ድምፅ አንድ በአንድ እያለቀ ነው። መጀመሪያ ከላይ ቤት ያለው ቆመ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የታችኛው። ድሮ «ጆሮዬን በሉት» እል ነበር። አሁን ጭር ሲል ጊዜ ራዲዮ ከፍቼ ተውኩት። ምን እንደሚል አልሰማውም፤ ብቻ ይናገር።

እኔ ማጉን እያጠነጠንኩ አንተ ስትሸምን እኮ ቤታችን ወሬ አይበዛበትም ነበር። አንተ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግርህን ከተህ፣ ፊትህን ወደ መስኮቱ፤ እኔ ከኋላህ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ። አልፎ አልፎ፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ «አጸደ፣ ሻሽሽ ሊወድቅ ነው» ትለኝ ነበር። ወይ ደግሞ «እንቅልፍ ወሰደሽ፣ ሂጂ ተኚ» ትለኛለህ። ለጎረቤታችን ለሶፍያ «ይሄ ሰውዬ ማጅራቱ ላይ ዓይን አለው» ብያት ስንት ቀን ሳቅን መሰለህ።

ለምን ስልክ አልደወለችም ትል ይሆናል። ደውዬ ነበር። ነሐሴ ላይ አንተ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም» ብለህ ዘጋኸው። ስልኩ ጥሩ አድርጎ ይሰማ ነበር። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። የስድስተኛ ክፍል ጽሑፍ ነው፣ የተሳሳተውን አንተ አቃናው።

ነሐሴ ላይ የላክሁልህን ፎቶ አይተህ ለሐብታሙ ያልከውን ነግሮኛል። «ጥዱ የት ሄደ? አጸደ ቤት ለቃለች እንዴ?» ብለሃል። ሐብታሙ ታውቀው የለ፣ ሁሉን ነገር ቀልድ ያደርገዋል። በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ አጸደ፣ ገበየሁ ጥድ ጠፋብኝ ይላል፤ ፖሊስ እንጥራ?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። «በየወሩ የሚልክልኝ ጥለትስ?» አልኩት። «በዚህ ጊዜ ምንም አልሰጠኝም» አለኝ። መሳቄን አቆምኩ። ሐብታሙም ደንግጦ «አይ፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለ። ሥራ እንዳልበዛብህ ግን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ይሄ የፎቶ ነገር እንዴት እንደተጀመረ ነግሬህ አላውቅም። እናትህን ከቀበርክ በኋላ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አርባቸው ወጣ። ከዚህ የሄደው ለቀስተኛ ሁሉ ተመለሰ፣ አንተ ቀረህ። ሐብታሙን «መቼ እመጣለሁ አለ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እሱን አላለም፤ ተራራዬ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ» አለኝ። ተራራዬ! ሁለት ቀን ሙሉ ተናድጄ እህል አልቀመስኩም ብል ማን ይታዘበኛል። በሦስተኛው ቀን ሲና የሰጠችኝን ስልክ ይዤ አንተ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሬን ከትቼ። ይኸውልህ ከመስኮትህ የሚታየው ተራራህ ልልህ ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶ ግማሹ አውራ ጣቴ ነው። ሲና በስልክ «እማ፣ ፀሐይዋን ከኋላሽ አድርጊያት፣ ትንፋሽሽን ያዢና ንኪው» አለችኝ። መስኮታችን የሚያየው ወደ እንጦጦ፣ ፀሐይ ከየት ላምጣ? ቆይቼ ደረስኩበት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቀኝ በኩል ትመጣና የተራራውን ጎን ጎኑን ትነካዋለች፤ ከዚያ በኋላ ልሙጥ ይሆናል። በዚያች ሰዓት፣ በወር በወር በአሥራ ሁለት ቀን፣ ከነመስኮቱ እንጨት፣ አንተ እንደምታየው እያደረግሁ ማንሳት ጀመርኩ።

ኅዳር ላይ ሣሩ ገለባ መስሎ ከጥዱ ግርጌ ያለው ኮሶ መቅላት ጀምሮ ነበር። ሐብታሙ ፎቶውን ይዞ ወርዶ ሲመለስ አንድ ስንዝር ጥለት አመጣልኝ፤ ዳርና ዳሩ ገለባ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ቀይ መስመር። ምንም መልእክት የለበትም። ድሮም የጥለትህን ቀለም ከመስኮቱ እንደምታወጣ አውቃለሁና ገባኝ። ጥር ላይ ውርጭ ሣሩን አቃጠለው፣ ባሕር ዛፉም አመድ የነፉበት መሰለ፤ ጥለትህ አመድማ ሆኖ መጣ። የካቲት ላይ ጭስና አቧራ ብቻ ስለነበር ባልልክልህ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ከዚያ አቧራ ውስጥ እንዲያ ያለ የማር ቀለም ታወጣለህ ብዬ መች አሰብኩ። መጋቢት መጨረሻ በልጉ ጣለ፣ በሦስት ቀን ክትክታው ታጥቦ አበራ። ገበየሁ፣ ሃያ ሦስት ዓመት እዚህ ቤት ስኖር አረንጓዴ አንድ ይመስለኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ብርሃን ስጠብቅ ነው ስንት ዓይነት እንደሆነ ያየሁት። የባሕር ዛፉ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ የጥዱ ወደ ጥቁር፣ የክትክታው ወደ ቢጫ። ይሄን ማታ ማታ የምነግረው ሰው ፈልጌ አጣሁ። ለሶፍያ ብነግራት «አጸድዬ፣ ዓይንሽን ተመርመሪ» አለችኝ።

ጥለቶቹን ጎን ለጎን ሰፍቻቸዋለሁ። እስከ ሐምሌ የላክኸው ትራስ ያለብሳል። አልብሼዋለሁም።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። ቤት አልለቀቅሁም፤ የት እሄዳለሁ? ጥዱም ያው እዚያው ቆሟል። ከጀርባችን ያለውን ቦታ የገዛው ሰውዬ ታኅሣሥ ላይ መሠረት አስቆፈረ። አጥር ነው ብዬ ነበር። ሚያዝያ ላይ ብሎኬት መደርደር ጀመሩ። በየቀኑ ቦታህ ላይ እየተቀመጥኩ ስንት ድርድር እንደቀረ አይ ነበር። መጀመሪያ የሰው ጣሪያ ተሸፈነ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ኮሶው ሄደ። ከዚያ ጥዱ ከግንዱ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ልክ ውኃ እንደሚሞላበት ዓይነት። ግንቦት ሁለት ቀን ጫፉም ሄደ። አሁን ከመስኮታችን እስከ ግድግዳው አንድ ክንድ አይሞላም። በቀን በስድስት ሰዓት አምፖል ነው የማበራው።

ልነግርህ ነበር። ግን ተራራው እያለ ያልመጣ ሰው፣ ተራራው ከሌለ ምን ሊያመጣው ነው ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከግንቦት ጀምሮ የላክሁልህ ሁሉ ከሶፍያ ቤት ደረጃ ላይ ሆኜ ያነሳሁት ነው፣ ያ ልብስ የምታሰጣበት የውጭ ደረጃ። የመስኮቱ እንጨት እንዲመስል የሲናን የምረቃ ፎቶ ከፍሬሙ አውጥቼ፣ ባዶውን ፍሬም ሶፍያ ከፊቴ ትይዝልኛለች። ልጄን ከፍሬም አውጥቼ! ሶፍያ ስትስቅብኝ አትጠይቀኝ። ገና ከታች ስታየኝ፣ «ዛሬም ባልሽን ልታነሺ መጣሽ? ውጪ፣ ውጪ፣ ዛሬ ጉም ለብሷል፣ ጋቢ ነው የሚመስለው!» ትላለች። ቆየት ስል ደግሞ «እጄ ዛለ፣ ገበየሁ እስኪስቅ ነው የምትጠብቂው?» እንዲያ እየሳቅን ነው ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ያነሳነው። አንድ ጊዜ ቀለበቷ ገብቶ እንደገና አነሳን። ወደ አንተ ከፍታ ልውረድ ብዬ ደረጃው ላይ ተንበረከክሁ፣ ጉልበቴ እስኪላጥ። ግን ከሺህ ድር አንዷ ብትስት በጣትህ የምታገኝ ሰው ጥድ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞርብህ እንዴት አያይ? ሞኝ ነኝ። አራት ወር ሙሉ ያታለልኩህ መስሎኝ፣ ለካ አንተ እዚያ ሆነህ የገባሁበትን ቤት ትፈልግ ነበር።

በሄድክበት ዓመት፣ ካቻምና ሐምሌ ላይ ስለተናገርኩህም ልጻፍ። ያን ቀን ክሩ ተወሳስቦብኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠራሁህ፤ አንተ መስኮቱን እያየህ ዝም አልክ። «ሃያ ሦስት ዓመት ይሄን ተራራ ስታይ ኖርክ፤ እኔ ከኋላህ መኖሬን አንድ ቀን አይተህ ታውቃለህ?» አልኩህ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ጎረቤት ሰምቷል። አንተ መወርወሪያውን ድሩ ላይ አስቀመጥክ። ሳምንት ሳይሞላ የእናትህ ሕመም ተሰማና ሄድክ። ለእናትህ ሄድክ ወይስ ከኔ አፍ ሸሽተህ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትናንት ጠዋት ሶፍያ «ነይ ውጪ፣ ተራራሽ ቢጫ በቢጫ ሆኖልሻል!» ብላ ተጣራች። አደዩ ወጥቷል። አልወጣሁም። ግድግዳውን አንስቼ ልላክለት፣ ይወቀው፣ ብዬ ቦታህ ላይ ተቀመጥኩ። አምፖሉን አብርቼ ስልኩን ወደ መስኮቱ ሳቀና፣ መስታወቱ ውስጥ ቤታችን ነበር። አልጋው፣ የግድግዳው ሰዓት፣ ስልክ የያዘችው እኔው። ከትከሻዬ በላይ ደግሞ ዱካዬ። አጥርቶ፣ መሃል ለመሃል። እዚያ ላይ ሰው ተቀምጦ ቢሆን ሻሹ እንኳ ይለያል።

አነሳሁት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ወደ ዱካዬ ዞር አልኩ።

ፀሐይ ሲሆንና ተራራው ሲያበራ መስታወቱ ይሄን አያሳይ ይሆናል። ክረምት ሲገባ፣ ጉም ወርዶ በቀን አምፖል ስናበራ ግን… አንተ ነህ የምታውቀው። እኔ የማውቀው ያን ቀን ሐምሌ መሆኑን ነው። ጉም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ተራራው ጨርሶ አይታይም ነበር። ይሄን አሁን ነው ያስታወስኩት፣ እየጮህኩብህ ሳለሁ አላስተዋልኩትም። ታዲያ መስኮቱ ላይ ስታይ የነበረው ማንን ነው? ይቅር በለኝ ገበየሁ።

ፎቶውን ወስጄ ዊንጌት አክሊል ፎቶ ቤት አሳጠብኩት። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ አይቶት፣ «እትዬ፣ የእርስዎ ፊት ገብቶበታል፤ ላጥፋልዎት?» አለኝ። «ተወው» አልኩት። «ደብዛዛ ነው እኮ» አለኝ። «ይሁን፣ የሚያየው ሰው ያውቀዋል» አልኩት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልህ። አደዩን አላነሳሁትም። ማየት ከፈለግህ የሶፍያ ደረጃ ክፍት ነው፤ ተቀምጠህ ልሸምንበት ካላልክ በቀር።

ለብሎኬት ግድግዳ ምን ቀለም እንደምታወጣለት እኔ እንጃ። አስቤ አስቤ አልመጣልኝም።

ጉድጓዱን ጠርጌ ምንጣፉን ለውጫለሁ፣ አምፖሉንም ትልቅ አድርጌዋለሁ። ሐብታሙ የመልሱን ቲኬት ሲቆርጥ «አንድ ላድርገው ሁለት?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ገበየሁን ጠይቀው» አልኩት። እንዳይጠይቅህ ብለህ ከሱ አትደበቅ፣ ቀልደኛ ቢሆንም ልቡ ደህና ነው።

እንግዲህ መስቀሉን ለአንተም ለቤተ ዘመዱም የሰላም ያድርግላችሁ። በእናትህ ደጅ ችቦ ሲበራ የኔንም ድርሻ አንተ ያዝልኝ። እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ዓይንህን ይጠብቅልህ።

ባለቤትህ
አጸደ

ፎቶውን ደጅ አውጥተህ አትየው፣ ፀሐይ ላይ ያንጸባርቃል፣ ግድግዳ ብቻ ነው የሚመስለው። ጥላ ውስጥ ገብተህ እየው።