ውሃን «አሱል» ያለችው ልጅ

እንደ እናትም እንደ እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለምወድሽ እታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚቆረጥምሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ሕመምሽን ደብቀሽ ትውያለሽ? መነጽርሽን አስለወጥሽ? ጋሼስ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍቶ «ምን አላችሁ?» ማለቱን ተወ? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከመሰላል ወድቄ የተሰበረው ትከሻዬም ድኗል። ራሴ ግን ዞሮብኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ እህቴ ስለሆንሽ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ስምንት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማርሽ መምህርት ስለሆንሽም ጭምር ነው። ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ የማዋየው ሰውም አጥቻለሁ።

የቀለም ቅቡን ሥራ ትቼ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ መቀጠሬን ነግሬሽ ነበር። ጠዋት በር እከፍታለሁ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠብቃለሁ፣ እግሩ የተነቃነቀ ወንበር እቸነክራለሁ። ከአራት ወር በፊት አጥሩን ቀለም ስቀባ ልጆቹ እጃቸውን እርጥቡ ላይ ሊያሳርፉ መጡ። እኔም ለማባረር ብዬ፣ ድሮ አብረውኝ ይቀቡ የነበሩ ሰዎች ባስተማሩኝ ስፓኒሽ «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ» እያልኩ ስቆጥር፣ ሦስት ላይ ስደርስ ሁሉም እየጮኹ ሮጡ። ተመልሰው መጡ፤ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ደግመው ሮጡ። ለካ ዳይሬክተሯ በመስኮት ታየኝ ኖሯል።

የስፓኒሽ አስተማሪዋ ለወሊድ ከወጣች ገና ሳምንቷ ነበር። ዳይሬክተሯ ጠርታኝ፣ አስተማሪዋ እስክትመለስ ድረስ አራት ዓመት የሞላቸውን ልጆች በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት እያጫወትኩ ጥቂት ቃላት እንዳለማምዳቸው ጠየቀችኝ። እኔም እውነቱን ነገርኳት፤ የማውቀው ከመሰላል ሥር ሆኖ ወደ ላይ የሚጮኽ ስፓኒሽ ነው፣ ግማሹም ለልጅ ጆሮ አይሆንም አልኳት። ሳቀችና «የሚሆነውን ግማሽ አስተምር» አለችኝ።

እታለም፣ ቋንቋው ራሱ ያደናግራል። በነሱ ካሳ ማለት ቤት ነው። ቦታ ማለት ቡት ጫማ ነው። ሳል ማለት ጨው ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ጠረጴዛን ደግሞ ሜሳ ይሉታል፤ መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ደረሰ ያሉ እየመሰለኝ ብሩሼን አስቀምጬ ስነሳ ስንት ቀን ስቀውብኛል። እንግዲህ እኔ በአማርኛ አስቤ፣ የዚህን አገር ቋንቋ እንደምንም እየተንተባተብኩ፣ በዚያ ላይ ስፓኒሽ አስተማሪ ሆንኩልሽ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

ሆኖም ጨዋታ አላጣሁም። የቀለም ቆርቆሮ ክዳኖችን አጥቤ ግቢው ውስጥ በተንኳቸው። «ሮሆ!» ስል ቀዩ ላይ ይዘላሉ፤ «ቨርዴ!» ስል አረንጓዴው ላይ ይራኮታሉ። ደረቅ የቀለም ሮለር ይዤ ደግሞ «ልቀባችሁ ነው» እላቸዋለሁ፤ «ማኖ» ስል እጃቸውን፣ «ፒዬ» ስል እግራቸውን ይዘረጋሉ፤ የተሳሳተውን ሆዱን ቀብቼ እለቀዋለሁ። ሆን ብሎ የማይሳሳት የለም። ሲደክማቸው ከአንድ ትልቅ ሰማያዊ ጆግ ውሃ እየቀዳሁ ለያንዳንዳቸው «አሱል» እላለሁ። አሱል ሰማያዊ ማለት ነው፤ ጆጉም ሰማያዊ ነው፤ በዚያውም አንድ ቀለም ካወቁ ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ከልጆቹ መሃል በልቤ ምስጢሬ እያልኩ የምጠራት አንዲት ልጅ አለች። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ አፏን ግን አልፈታችም ነበር። ሐኪሞቹ ጆሮዋም ምላሷም ደኅና ነው፣ ጠብቁ ብለዋል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ አባቷ አውቶቡስ ይነዳል። ልጅቷ ትስቃለች፣ ትሮጣለች፣ ከሁሉም ቀድማ የተጠራው ክዳን ላይ ጉብ ትላለች፤ ቃል ብቻ አይወጣትም ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ጨዋታው እንዳለቀ ነጭ ባዶ ኩባያ ይዛ መጣችና ሱሪዬን ጎተተችኝ። ከዚያ ጥርት አድርጋ «አሱል» አለች። ምግብ አብሳይዋ በር ላይ ነበረች፤ ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። ዳይሬክተሯ እየሮጠች መጥታ «ሰማያዊ አለች! ቀለም ለየች!» እያለች አቀፈቻት። ልጅቷ ግን እቅፏ ውስጥ ሆና ኩባያውን ወደ እኔ እንደዘረጋች ቀረች። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ቀለም መለየቷ አልነበረም፤ ውሃ ጠምቷታል። ቀድቼ ሰጠኋት፤ ጠጣች። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር፣ መላው ጠፋኝ።

እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ስህተቴን ጭምር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ቀሚሷ ላይ ቁርጥራጭ ክር እንደተለጣጠፈ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲወጣላት «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በኛ ቤት ውሃ አሱል ነው» አለችኝ። በማግሥቱ የመጣው ግን አባትየው ነበር። «ልጄ አፏን ስትፈታ እኔና እናቷ የምንናገረውን ትታ፣ ከዘመዶቻችን አንድ ሰው እንኳ በማያውቀው ቋንቋ፣ ያውም በተሳሳተ ቃል? ነገ የት ሄዳ ውሃ ልትለምን ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። እናትየውም እውነቷን ነው። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ሰው በየት በኩል ይቆማል?

ይባስ ብሎ ሌሎቹም ልጆች ውሃን አሱል ማለት ጀመሩ። አሥራ አራት ልጅ ቧንቧ ሥር ተሰልፎ «አሱል! አሱል!» እያለ ሲጮኽ ብታዪ ትስቂ ነበር፤ እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ዳይሬክተሯም አስተማሪዋ ሳትመለስ በጨዋታ አስተካክልልኝ አለችኝ። አስተካከልኩ። ሰማያዊውን ክዳን አንስቼ «አሱል»፣ ውሃውን አንስቼ «አግዋ» አልኳቸው። ልጆቹ ወዲያው ተቀበሉኝ፤ ልጅ ምን ይገደዋል። ምስጢሬ ግን ክዳኑን አየች፣ ውሃውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየቷ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ከንፈሯን ግጥም አደረገች። ያን ቀን አልተናገረችም፤ በማግሥቱም አልተናገረች። ሲጠማት ኩባያዋን ይዛ ፊቴ ትቆማለች እንጂ ትንፍሽ አትልም። በቀዳሁላት ቁጥር ቃሉን ከአፏ የነጠቅኳት መሰለኝ። አብሳይዋ «ብትተዋት ምን ነበረበት?» ትለኛለች፤ ዳይሬክተሯ «ደግ አደረግህ» ትለኛለች። የሰማሁት ሁሉ እውነት እየመሰለኝ ስወዛወዝ ሰነበትኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባትየው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ልጁን ይዞ ገባ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «እባክህ ያንን የተሳሳተውን መልስላት» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ብርጭቆ ይዞ አሱል እያለ ቢለምናት ዝም ብላዋለች። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከእኔ ኩባያ ተቀበለና በዚያ ወፍራም ድምፁ «አሱል» ብሎ ጠጣ። አብሳይዋም «አሱል» ብላ ጠጣች። ዳይሬክተሯ ግራ ቀኝ አየት አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ እሷም አለች። እኔም አልኩ። አራት ትልልቅ ሰዎች ሳይጠማን ግቢ መሃል ቆመን ውሃ ስንጠጣ፣ ልጅቷ እንደ ዕብድ ቆጥራን በየተራ ትመለከተናለች። በኋላ ኩባያዋን ሰጠችኝ። ቀዳሁላት። ጠጥታ ጨረሰችና ባዶውን መልሳ ዘርግታ «ማስ» አለች።

ማስ በነሱ «ጨምር» ማለት ነው። በኛማ ቆፍር ማለት አይደል! ይህን ቃል ለማንም አስተምሬ አላውቅም። ለካ ቀለም ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ስገለብጥ የለመድኩት ነገር ሆኖ፣ ውሃ ስቀዳም ለራሴ «ማስ፣ ማስ» እያልኩ አጉረመርም ኖሯል። ያስተማርኳትን ትታ ያላስተማርኳትን ለቀመች፤ ያውም ያለ ስህተት። አባትየው እየሳቀ እንባውን በኮፍያው ጠረገ። ስንት ኩባያ እንደጠጣች አትጠይቂኝ፤ ያን ቀን ሱሪዋ ሁለት ጊዜ ተቀየረ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ቃላት ትናገራለች፤ ከቤታቸው ቋንቋም አንድ ቃል ጨምራለች አሉ፣ «አልፈልግም» የሚለውን። እኔ ግን ከመደናገሬ አልወጣሁም። ትናንት ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ «አሱል» አለችኝ። ተስተካከለች ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ቀና ብዬ አየሁ፤ ሰማዩ ግማሹ ጥርት ያለ፣ ግማሹ ዝናብ ያዘለ ነው። ሰማያዊ ማለቷ ይሁን ውሃ ማለቷ አላወቅኩም። ሰኞ አስተማሪዋ ትመለሳለች። ምን ብዬ ላስረክባት? ስህተት አስተምሬያለሁ ልበል ወይስ አፍ አስፈትቻለሁ? አንቺ በሃያ ስምንት ዓመትሽ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞሽ ያውቃል? ቀይ እስክሪብቶሽን ይዘሽ ሳታርሚ ያለፍሽው ስህተት አለ? እውነቱን ጻፊልኝ፤ ለማጽናናት ብለሽ እንዳትሸነግዪኝ፤ የእጅ ጽሕፈትሽን አይቼ አውቅብሻለሁ።

ጋሼን ጉልበቱን ስመሽ ሰላም በዪልኝ፤ ጮክ ብለሽ ነው ታዲያ። ወንዱ ልጅሽን ጎበዝ፣ ሥራህን አጥብቀህ ያዝ ብሎሃል በዪው። ከጎናችን ያለውን ጫማ ሰፊ ከነባለቤቱ እጅ ነሥቻለሁ። ትልቋ ልጅሽንና ባሏን በናፍቆት ሳሚልኝ፤ የወለደቻትን ሕፃን ደግሞ ግንባሯን። አፏን ስትፈታ ያለችውን ቃል ከነቀኑ ጽፈሽ ላኪልኝ። ምንም ይሁን ምን፣ እንዳለችው ላኪው እንጂ እንዳታርሚው።

ወንድምሽ

ከመዋዕለ ሕፃናቱ የዕቃ ክፍል
ዓርብ፣ ኅዳር 19 ቀን