የአባባ የሲሚንቶ ሐዲድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ዛሬም አልወጣም አሉ። አባባ ባለፈው ክረምት የግቢው ጭቃ ላይ ከወደቁ ወዲህ፣ «ጃንሆይ ይሙቱ፣ ብቻዬን አልወጣም» ብለው ምለዋል። ልምራዎት ስላቸው ደግሞ፣ «በሬ ነኝ ወይ የምጎተተው?» ይላሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአቃቂን ሐዲድ በእግራቸው ሲፈትሹ የኖሩ ሰው ናቸው። የድሬዳዋ ባቡር ሲያልፍ የአጥራችን በር ላይ ቆመው እጃቸውን ያነሡለት ነበር። አሁን አልጋቸው ላይ ሆነው ያነሣሉ።

ክረምት ሳይገባ ከደጃፍ እስከ በር ሲሚንቶ አስነጥፋለሁ። ቆርጫለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 11

ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ማተሚያው አጠገብ ስቆም ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ነጭ ሆኖ የገባው አቡጀዲ አበባ ለብሶ ይወጣል። ዛሬ ጨርቁ እየረዘመ፣ እየረዘመ፣ ወንዙን ተሻግሮ እኛ ግቢ ገብቶ የተዘረጋ መሰለኝ። ሲሚንቶ ላይስ አበባ ቢታተም ምን አለበት?

በምሳ ሰዓት የፋብሪካውን አናጢ ለምኜ ከዋንዛ እንጨት አበባ አስቀረጽሁ። ግንበኛው ጎረቤታችን ጋሽ ኑሪ አገላብጠው አዩትና፣ «የሚኒስትር ማኅተም ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 13

መረሬው ተቆፍሮ አላልቅ አለ። «ሲሚንቶው ላዩ ላይ ቢፈስስስ?» ብዬ ጋሽ ኑሪን ጨቀጨቅኋቸው።

«የአቃቂ መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲሚንቶሽን ሰባብሮ ነው የሚመልስልሽ» አሉኝ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም፣ ልጄ?»

እኔም አካፋ አነሣሁ። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ ድንጋይና ጠጠር ገባ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14

ከደጃፉ በኩል ግማሹ ፈሰሰ። የመጀመሪያው አበባ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ቡጭቅ ብሎ ወጣ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ጋሽ ኑሪ ማኅተሙን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡት፤ ከዚያ በኋላ ጥርት ብሎ ይታተም ጀመር። አበባ፣ አበባ፣ አሁንም አበባ። የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየ።

ጆንያ አልብሼ ውሃ አጠጣሁት። እንደ ችግኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 17

ምነው ባላደረግሁት።

ጆንያውን ገፍፌ አባባን አስነሣኋቸው። ጫማቸውን አውልቀው ረገጡት። ጥቂት ሄዱ፣ ቆሙ፣ በእግራቸው ዳበሱ፣ ደግሞ ሄዱ። ወደ ግራ ሲያዘነብሉ አየሁ፤ ከመጥራቴ በፊት ከሲሚንቶው ወርደው በጉልበታቸው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«ምንድን ነው ያነጠፍሽልኝ?»

«አበባ ነው፣ አባባ።»

«ሁሉም ቦታ አንድ ነው። የት እንደ ደረስሁ አይነግረኝም።»

ለእሳቸው ያልሁትን ለዓይን ሠርቼው አረፍሁ። ለማየት ለማይችል ሰው! አፈርሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 18

ጠዋት እግራቸውን ሳጥብ፣ «ሐዲዱ ላይ እንዲህ አልነበረም» አሉ። እንዴት ነበር? ብዬ ጠየቅሁ። ሐዲዱን ከሚሸከመው ብረት አግዳሚ ወደ ቀጣዩ አግዳሚ አንድ እርምጃ፤ ጭጋግ ሲሆን ዓይናቸውን ጨፍነው እየቆጠሩ ይሄዱ እንደ ነበር ነገሩኝ።

ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ አበባ ሳይሆን አግዳሚ ነበር የሚታየኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 21

ክንዳቸውን ይዤ አራመድኋቸው፤ ጋሽ ኑሪ እርምጃቸውን በሲባጎ ለኩ። የቀረው ግማሽ ሲፈስስ በየልኩ ቀጭን እንጨት እያገደምን፣ እየተጫንን መስመር አወጣንበት። በሁለቱም ጠርዝ ከፍ ያለ መስመር ተሠራለት።

«የአበባውስ ነገር?» አሉኝ ጋሽ ኑሪ መሮአቸውን ይዘው። «አግዳሚ መስመር ልቁረጥበት? ውበቱ ይበላሻል።»

ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። ቁረጡበት አልኋቸው።

እሑድ፣ ግንቦት 29

ከቅዳሴ ስመለስ አባባ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ጫማ የላቸውም። «አትያዥኝ» አሉ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አበባዎቹን በቆረጡት መስመሮች ላይ በቀስታ ሄዱ። ሰባተኛው ላይ ቆሙ። ጠርዙን በእግራቸው ነካ አድርገው ቀጠሉ። ኋላማ መቁጠር ትተው ማንጎራጎር ጀመሩ። ሃያ ስድስተኛው ላይ እጃቸው ገና ሲዘረጋ በሩን ነካ።

ባቡሩ በጣቢያው በኩል ጮኸ። አባባ በሩን ከፍተው እጃቸውን አነሡ። ባቡር ነጂው አያቸው አላያቸው አላውቅም፤ እሳቸው ግን ጭሱ ርቆ እስኪጠፋ እጃቸውን አላወረዱም።

በደስታ አለቀስሁ። ልመልስዎት ብዬ ስጠጋ አባባ አንድ እግራቸውን ከበሩ ውጪ ዘርግተው መሬቱን ይዳብሳሉ።

«ሃያ ሰባተኛው የታለ?» አሉኝ።

«አልቋል፣ አባባ። ከዚህ ወዲያ መንገድ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ» አሉ።