ከመጋረጃው ጀርባ ስለማያልቀው እገዳዬ

ለተከበሩ ጋሽ ሐብተማርያም
የቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኢገን

ጉዳዩ፦ ቅጣቴን መጀመር እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የጌታ ሰላምና ሙሉ ጤንነት እንዲበዛላችሁ እመኛለሁ። በዚህ ክረምት በረዶ ሲጠርጉ የያዘዎት የወገብ ሕመም ተሽሎዎት እንደሆነም ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እሑድ እሑድ ከመጋረጃ ጀርባ ስለምውል ሲቆሙና ሲቀመጡ ለማየት አልታደልኩም። ይህን ደብዳቤ በምእመናኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ሦስት ጊዜ በእጅዎ የሰጠሁዎት ማመልከቻ ዛሬም መኪናዎ ዳሽቦርድ ላይ ሆኖ ፀሐይ ስታነበው ስላየሁ፣ ሌላ አንባቢ ባገኝለት ብዬ ነው።

ለማታውቁኝ ምእመናን፣ ዮሐና እባላለሁ። ሮዝቪል እኖራለሁ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታትም የኳየራችንን ጊታር ስጫወት ቆይቻለሁ። ባለፈው ጃንዋሪ ክሎዜት ውስጥ፣ ከክረምት ካፖርቶቼ መሀል ተቀምጬ ብቻዬን የቀረጽኳቸውን ሰባት ሥራዎች «የማርች ጭቃ» ብዬ ኢንተርኔት ላይ አወጣሁ። አሳታሚ ሳይኖር በግል የሚሠራ እንዲህ ያለ የጊታር ሙዚቃ እዚህ አገር ኢንዲ ሮክ ይሉታል። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ «ሮክ» የሚለውን ብቻ ወስዶ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

አንደኛ፣ ኮሚቴዎ ሥራዎቼን ሁሉ ሰብስቦ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስላነጻጸረልኝ የማቀርበው ምስጋና ወደር የለውም። በዚያ ወር አልበሜ በጠቅላላው አርባ አንድ ጊዜ ተደምጦ ነበር፤ ሃያ ሦስቱ ኮሚቴው ካለበት ከኢገን ነው። እንዲህ የሚያዳምጠኝ ሰው ከዚህ በፊት ኖሮኝ አያውቅም። በውጤቱም ለኳየሩ የምጫወተው «ቅባት ያለበት» ተብሏል። ከኪቦርድ ተጫዋቻችን ከአክሊሉ ጋር በየሠርጉ የምንጫወትበት ባንድ «በጥንቃቄ የሚታይ» ተብሏል፤ ጥንቃቄው በልጅዎ ሠርግ ላይ ስለተንቀሳቀሰው ትከሻዎ ከሆነ፣ ቪዲዮው እኔ ዘንድ የለም፣ ሌሎች ዘንድ ግን አለ። አፕል ቫሊ በሚገኝ የቤት ጋራዥ ውስጥ እዚሁ ከተወለዱ ሁለት ልጆች ጋር በእንግሊዝኛ የምንጮኸው ደግሞ ቃሉ ስላልተሰማ ታልፏል። ብቻዬን የሠራሁት ግን «ዘፈን» ተባለ፤ ምክንያቱም ቃለ ጉባኤው እንዳሰፈረው «ችግርን ይዘረዝራል እንጂ መፍትሔ አይጠቁምም»።

እኔም ፍርዱን ላግዝዎ። ከአልበሙ ስድስተኛው ላይ ከበሮ የመሰለዎት የልብስ ቅርጫት ነው፣ ሁለተኛው ከሚገባው በላይ ረዝሟል፣ ድምፄም ቀጭን ነው። ኳየሩ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ስለሚሸፍነኝ ስህተቴ አይታወቅም። ሠርግ ላይ ሰው እየበላ ስለሆነ የሚሰማኝ የለም። ጋራዡ ውስጥ ሁላችንም ስለምንጮኽ ማን እንደሳተ አይለይም። ብቻዬን ስሆን መደበቂያ የለኝም፣ እውነት የተናገርኩበት ቦታ ቢኖር እዚያ ነው፣ የተቀጣሁትም በእሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ የደረሰኝ የእገዳ ደብዳቤ ለሦስት ተከታታይ ወራት ከማንኛውም አገልግሎት ታቅቤ በጉባኤው መካከል በጸጥታ እንድቀመጥ፣ ጊዜዬንም ስፈጽም እንድመለስ ያዝዛል። እሺ ብዬ ተቀበልኩ። አንድ እሑድ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው እሑድ ጠዋት እርስዎ ራስዎ ደወሉልኝ፤ ሌላው ጊታር ተጫዋች ሙላው ጠቅልሎ ዳላስ ስለገባ «ለዛሬ ብቻ» ድረሺልን አሉኝ። የታገደ ሰው መድረክ ላይ መታየት ስለሌለበትም የጊታሬ ኬብል ከመድረኩ ጀርባ ባለው መጋረጃ ሥር እንዲያልፍ፣ እኔም የሕፃናቱ ወንበሮች በሚከመሩበት ክፍል ውስጥ እንድቀመጥ በጥበብዎ ወሰኑ። ውኃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ እያወቅሁ ገባሁ። ያ «ለዛሬ ብቻ» ይኸው አሥራ ሁለት እሑድ ሆኖታል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ የታገደውን ጣቴን ለተባረከው አገልግሎት አበድራለሁ።

እናቴ ወይዘሮ ብርነሽ ለሠርጌ ብላ ከአዲስ አበባ መጥታ በየእሑዱ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ልጇን ትሰማለች፣ አታያትም። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ በስልክ ስንገናኝ የለመደችውን አላጓደላችሁባትም።

ሦስተኛ፣ ሦስት ወሩ ሲሞላ እገዳው እንዲነሣልኝ ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ወደ እህት ፀዳለ ሄድኩ። እህት ፀዳለ ሐቀኛ ሰው ናት፤ ደብተሯን ገልጣ አየችና፣ ደንቡ የሚለው ሳያገለግሉ ሦስት ወር መቀመጥ ስለሆነ፣ እኔ ደግሞ ባለፈው እሑድ ስላገለገልኩ፣ ቆጠራዬ ከሚቀጥለው እሑድ እንደሚጀምር በትሕትና አስረዳችኝ። በሚቀጥለው እሑድ እርስዎ ደወሉልኝ። እንግዲህ የእኔ ምሕረት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። እንዳልጫወት ታግጃለሁ፣ እገዳው የማይነሣልኝ ስለምጫወት ነው፣ የምጫወተው እርስዎ ስላዘዙኝ ነው። ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንድሄድ መሸኛ ደብዳቤ ብጠይቅ፣ በእገዳ ላይ ላለ ሰው መሸኛ አይጻፍም ተባልኩ።

በእገዳ ላይ ያለ ሰው አይዳርም። ከእጮኛዬ ከአማኑኤል ጋር ለጁን አሥራ ሦስት የቀጠርነው ሠርግ በዚሁ ፈረሰ። እናቴ ኦገስት ሃያ ዘጠኝ ትመለሳለች፤ ከዚያ በላይ እንድትቆይ አልተፈቀደላትም፣ በሰባ አንድ ዓመቷም ሁለተኛ ትመጣለች ብዬ ራሴን አላታልልም። ጋሽ ሐብተማርያም፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ተይዣለሁ። መውጫው ጠፍቶብኛል፣ እናቴ ሳታየኝ እንዳልዳር እፈራለሁ።

ስለዚህ ካላንደር ይዤ ቁጭ አልኩ። ከሚመጣው እሑድ፣ ከሜይ ሃያ አራት ብጀምር፣ ሦስት ወሩ የሚሞላበት አሥራ ሦስተኛው እሑድ ኦገስት አሥራ ስድስት ላይ ይውላል። ሠርጉ ኦገስት ሃያ ሁለት ይሆናል፣ እናቴም ድራኝ ትሄዳለች። አንድ እሑድ እንኳ ከባከነ ግን አይሆንም። በመሆኑም ኮሚቴዎ የፈረደብኝን ቅጣት ከእሑድ ጀምሮ በፍጹም ታዛዥነት እጀምራለሁ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በእናቴና በአማኑኤል መካከል፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በጸጥታ እቀመጣለሁ። ዕለቱ የቤተ ክርስቲያናችን አሥራ አምስተኛ ዓመት በዓል መሆኑን፣ ከዴንቨርም እንግዳ ኳየር እንደሚመጣ አልዘነጋሁም። በዚያች ጠዋት ስልኬ ቢጠራ የማላነሳው ደንባችሁን ስለማከብር ነው። ኬብሉን ጠቅልዬ ትንሿ ወንበር ላይ ትቼላችኋለሁ።

የእርስዎን ረጅም ዕድሜ፣ የወገብዎን ፈውስ፣ የኮሚቴውንም የማዳመጥ ጸጋ እየተመኘሁ፣ በቅጣቴ ታማኝ፣ በአገልግሎቴ ስውር የሆንኩት እህትዎ

ዮሐና

ግልባጭ፦
ለእህት ፀዳለ፣ በደብተሯ እንድትይዝልኝ
ለእናቴ፣ የት እንደምቀመጥ እንድታውቅ

ማስታወሻ፦ በትንሣኤ እሑድ፣ ከስብከቱ በኋላ በነበረው የጸሎት ሰዓት፣ ጊታሩ ብቻውን ሲጫወት እጅዎን ዘርግተው እንዳለቀሱ አክሊሉ ነግሮኛል። ከዚያም እሱን ወደ መጋረጃው ልከው «ያንን ድገሚው» አስባሉኝ። ያ ዜማ «የማርች ጭቃ» ላይ ሦስተኛው ነው፣ ቃሉን ብቻ ነው የተውኩት። ታዝዤ ደገምኩት፤ በእህት ፀዳለ ደብተርም ቆጠራዬ እንደገና ከአንድ ጀመረ።