በሞተርሆሙ ታንክ ውስጥ የቀረው ውኃሽ

ጽጌዬ፣

«ምስኪን፣ ሊጠጣው እኮ ነው!» አለች ከኋላዬ የተቀመጠችው ልጅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ባለፈው ሰኞ ነው፣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ፣ በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ወደ ቤት እየመጣሁ። ጭኔ ላይ ሁለት ጋሎን ሮዝ ፈሳሽ አቅፌአለሁ፣ እግሬ ሥር ሌላ ሁለት አለ። ጓደኛዋ «ኧረ ቀስ በይ፣ የኛ ሰው ነው መሰለኝ» አለቻት። «የኛ ሰው ከሆነማ ብቻውን አይጠጣውም» ብላ መለሰችላት። ነገሩን በቁም ነገር ወሰድኩት። ጋሎኑን አዙሬ ከጀርባው የተጻፈውን አነበብኩ። መርዝ አይደለም ይላል፤ ይጠጣል ግን አይልም። እስከ መውረጃዬ ድረስ አሰብኩበትና ተውኩት። የምነግርሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው፤ አልጠጣሁትም። ለሞተርሆሙ፣ ለዚያ አልጋና ወጥ ቤት ላለው መኪናሽ፣ ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ የገዛሁት አንቲፍሪዝ ነው። «መኪና እያለው በአውቶቡስ የሚሄድ ሐበሻ አንተ ብቻ ነህ» ትዪኝ የነበረውም እንዳለ ነው። አውቶቡስ ላይ መጽሐፍ ይነበባል።

ከሄድሽ አራት ወር ሊሞላ ነው። ሰኔ ላይ ሸኘንሽ፤ አሁን ጥቅምት ገብቶ ቅጠሉ ሁሉ መንገድ ላይ ወድቋል። ቤት ውስጥ የተለወጠውን ልንገርሽ። ልጃችን ሊያ እሑድ እሑድ ከካፒቶል ሂል ትመጣና ወጥ ቤቱን ታስተካክላለች፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው እሑድ ጨው አላገኝም። በር ላይ የነበረውን ጫማሽን አነሳችው፤ እኔ መለስኩት፤ እንደገና አነሳችው፤ አሁን ተራው የማን እንደሆነ ጠፍቶኛል። ለቅሶ ደራሹ ቆሟል። ሰው በሞላበት ሰሞን መቼ በሄዱልኝ እል ነበር፤ አሁን የበሩ ደወል ሲጮህ ሮጬ ነው የምከፍተው፣ ብዙውን ጊዜም በር ላይ የተጣለ የፖስታ ካርቶን ነው። መቀመጥ ደግሞ አቅቶኛል። «ወንበር ላይ የበቀለ» ትዪው የነበረው ሰውዬ፣ መጽሐፍ ከፍቶ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይነሳል። ወደ መስኮቱ ይሄዳል። መስኮቱ የሚያሳየው ደግሞ ሞተርሆሙን ነው፣ ከቤቱ ጎን እንደ ቆመ። ተያይተን እመለሳለሁ። እቀመጣለሁ። እነሳለሁ።

ሰሞኑን የሚያስነሳኝ ውኃው ነበር። በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ ከሞተርሆሙ ውስጥ ውኃውን የምታወጪው አንቺ ነበርሽ። ዘንድሮ አልወጣም። ታንኩ ሙሉ፣ ቧንቧዎቹ ሙሉ፣ የውኃ ማሞቂያውም ሙሉ። ስልኬ ደግሞ ሐሙስ ኃይለኛ ውርጭ ይመጣል ይላል። ባየሁት ቁጥር ያንኑ ይላል፣ እኔም ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ አየዋለሁ። ውኃ እንደ ሌላው ነገር ሲበርድ አይኮማተርም፤ በረዶ ሲሆን ያብጣል። ቧንቧ ይሰነጥቃል፣ ፓምፕ ይሰብራል፣ ማሞቂያ ይቀድዳል። ይህን ሁሉ አድርጎም ዝም ይላል፤ ጉዱ የሚታወቀው በሚያዝያ ሲቀልጥ፣ ከግድግዳው ውስጥ ውኃ መውረድ ሲጀምር ነው። ለሊያ በሰፊው አስረዳኋት። «አይ ኖው አባ፣ ስድስተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ» አለችኝ።

ታዲያ ለምን አላወጣኸውም ትዪኝ ይሆናል። የሞላሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው።

ግንቦት ላይ ሐኪሙ ዘንድሮ ጉዞ የለም ብሎሽ ነበር። «ታንክ መሙላት ጉዞ አይደለም» ብለሽ፣ ጋቢሽን ደርበሽ ወጣሽ። ወንበር አመጣሁልሽ፤ በዓይንሽ መለስሽው። በአንድ እጅሽ የአትክልት ማጠጫውን ቱቦ ይዘሽ፣ በሌላው መኪናውን ተደግፈሽ፣ እስኪሞላ ቆምሽ። ቱቦውን ልያዝልሽ ስል «አንተ ታፈሰዋለህ» አልሽኝ፤ እውነትሽን ነው። ከዚያ እንደ ልማድሽ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሽውን አንድ ጠርሙስ ጠበል ጨመርሽበት፣ ክዳኑን አጠበቅሽና «በቃ፣ ዝግጁ ነው» አልሽ። ለወዴት ብዬ አልጠየቅኩሽም። የትም አልሄድንም። ከዚያ ታንክ አንድ ብርጭቆ ሳይቀዳ አንቺ ሆስፒታል ገባሽ።

ያ ጠበል ያመጣብንን ጣጣ አስታወስኩ። ሞተርሆሙን የገዛሽው የሆቴል አልጋ ስለማትወጂ ነበር። «ትናንት ማን እንደተኛበት አይታወቅም» ትያለሽ። ስንት ዓመት አረጋውያን ስትጠብቂ፣ የሰው አንሶላ ስትቀይሪ ኖረሽ፣ ዕረፍትሽን በገዛ አንሶላሽ ላይ ፈለግሽ። ለንግሥ በዓል በየስቴቱ እየነዳሽ ስትወስጂኝ ጓደኛዬ ተፈራ «ቀንድ አውጣዎቹ መጡ» ይለን ነበር። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ታንኩን ባርከሽ ተነሳን፣ ፑዌብሎ ሳንደርስ «ጌቱ፣ ሽንት ቤቱም ከዚሁ ታንክ ነው እንዴ ውኃ የሚወስደው?» አልሽ። ከዚያው ነው። መኪናውን ዳር ፓርክ አደረግሽ። በጠበል ሽንት ቤት አይታጠብም፤ ይህ ክርክር የለውም። እኔ ከሚቀጥለው ጊዜ ጀምሮ ጠበሉ ቢቀርስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፤ መናፍቅ እንደሚታይ አየሽኝ። ሽንት ቤቱ ያን ቀን ተዘጋ። የሽንኩርትና የሽሮ ማስቀመጫ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት ያለው መኪና ይዘን፣ ሽንት ቤት ፍለጋ ከነዳጅ ማደያ ነዳጅ ማደያ ስንዞር ኖርን። ካንሳስ ውስጥ አንዱ ሻጭ በመስኮት ሞተርሆሙን አየ፣ እኔን አየ፣ «የናንተ ተበላሽቶ ነው?» ብሎ አዘነልኝ። «የለም፣ ሽንኩርት አለበት» አልኩት።

እንግዲህ ችግሬ ይገባሻል። የታንኩ ማፍሰሻ ከመኪናው ሆድ ሥር ነው። ከተከፈተ ውኃው በመኪና መግቢያው ወርዶ መንገድ ላይ ይፈሳል። ሰው ይረግጠዋል፣ ውሻ ይረግጠዋል፣ ፖስተኛው ይረግጠዋል። በሌላው ዓመት ከመጨረሻው ጉዞ ስንመለስ ታንኩን ጨርሰን ነበር የምንገባው። ኮሎራዶ ድንበር ስንደርስ «ጠጣ» እያልሽ፣ ሳይጠማኝ ታስጠጪኝ ነበር። በቧንቧው የቀረችውን ደግሞ በባልዲ ይዘሽ ትሄጂያለሽ። የት እንደምትወስጃት አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም።

ተፈራን አማከርኩት። አሁንም ታክሲውን ይነዳል፣ አሁንም ለሁሉም ነገር መልስ አለው። «አንድ ጠርሙስ ለዚያ ሁሉ ውኃ? ይሄማ ዳይሉት ሆኗል፣ ዝም ብለህ ልቀቀው» አለኝ። ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። ጠበሉ ውኃውን ይባርከዋል ወይስ ውኃው ጠበሉን ያቀጥነዋል? ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሞተርሆምን ያሰበበት ሊቅ አላገኘሁም። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ «መኪናው ራሱ ነው የሚጠጣው?» አሉኝ። ስለ ታንኩ፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ሽንኩርቱም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና «ልጄ፣ እግር የማይረግጠው ቦታ አፍስሰው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ስትጨርስ ወደኔ ና፤ ብቻህን ቤት አትቀመጥ» አሉኝ። መቀመጡን እንኳ አልቻልኩበትም አልኳቸው።

እዚህ ኦሮራ ከተማ ውስጥ እግር የማይረግጠው ቦታ ፈልጊ እስቲ። ግቢውን ስዞር ሰነበትኩ። ሣሩን አጫጁ ይረግጠዋል። በአጥሩ በኩል የጎረቤት ድመት ትመላለሳለች። ከዛፉ ሥር ስኩረሎቹ፣ እነዚያ ጭራ ጎፍላላ ሽኮኮዎች፣ አሉ፤ የስኩረል እግር ይቆጠር እንደሆነ ብዬ ቄሱን ደግሜ ማስቸገር አፈርኩ። እስከዚያው ብርዱ እንዳይቀድመኝ ሞተርሆሙ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰካሁ፣ ፓምፑን በጋቢሽ ጠቀለልኩት፣ እየወጣሁ እየዳሰስኩት እገባለሁ። ተፈራ እዚህ ላይ ደረሰብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ፓምፕ ታስታምማለህ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ጋቢው የማን እንደሆነ ሲያይ ግን ተንበርክኮ ተንሸራቶ የነበረውን ጫፉን መልሶ አለበሰው።

ሊያ ግን አልሳቀችም። ረቡዕ ከሥራ በቀጥታ መጥታ ስልኳን ፊቴ ላይ አቆመችው። «ነገ ነው አባ። ፓይፑ ከፈነዳ ኢትስ ዳን። የማሚ ካር በቃ አለቀለት።» ቦታ እየፈለግኩ ነው አልኳት። «ኖ፣ ጉዳዩ ጠበሉ አይደለም። ማሚ የሞላችውን መድፋት አልፈለግክም፣ ዛትስ ኦል።» የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ጠበል ምን ታውቃለች ልላት ነበር። ውኃውን ካወጣሁት የእጅሽ የመጨረሻ ሥራ ይሄዳል። ካላወጣሁት ደግሞ ያንን የምትወጂውን ቤት የገዛ ውኃሽ ይሰነጥቀዋል። ሦስተኛ ምርጫ ይኖር እንደሆነ ብዬ መስኮቱ ጋ ብዙ ቆምኩ። ሊያም አጠገቤ መጥታ ቆመች። «ያ እሾሁስ?» አለች።

የመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ያለው ቁጥቋጦ ነው፤ ልቁረጠው ባልኩ ቁጥር እንዳትነካው ያልሽኝ። ሊያ በልጅነቷ የጣለችበት ኳስ እስካሁን እዚያው ነው፤ ሰውም፣ ድመትም፣ ስኩረልም ገብቶ አላወጣውም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሐሙስ ጠዋት ጀመርን። እሷ ከመኪናው ሥር ተኝታ ማፍሰሻውን ትከፍታለች፣ እኔ ባልዲ አመላልሳለሁ። «ሞልቷል፣ ጎ ጎ ጎ! አባ፣ እያንጠባጠብክ ነው!» ትላለች፤ በአነጋገሯ ጠበሉን ለሰላሳ ዓመት የጠበቀች ዲያቆን ትመስላለች። የላስቲክ ሽታ አለው ውኃው፣ ንጹሕ ነው ግን። ወገቤ እስኪቆረጥ ድረስ ተመላለስኩ። አንዱን ባልዲ ስደፋ ሌላውን ለመድፋት ቀለለኝ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ አልቀለለኝም። ማሞቂያውንም አራገፍን፣ ቧንቧዎቹንም ከሥር ከፍተን አንጠፈጠፍን። መጨረሻ ላይ ከቀረችው አንድ የመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ሞላሁና ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት። ሊያ አየችኝ። የጠበል ጠርሙስ በምታስቀምጪበት፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ባለው ቁም ሣጥን አኖርኩት።

ከዚያ ሮዙ። ታስታውሻለሽ፣ አንቺ ውጭ ፓምፑ ጋ ሆነሽ «ጌቱ፣ ክፈት!» ትያለሽ፣ እኔ ውስጥ ቧንቧውን ከፍቼ ውኃው ቀለም እስኪቀይር እያየሁ «ገና ነው… ገና ነው… ሮዝ ሆነ!» እላለሁ። ጎረቤቶቻችን የምን በዓል እንደሆነ ጠይቀውን አያውቁም። አሁን ውጭ ያለሁት እኔ ነኝ። «ክፈቺ!» አልኩ። ከውስጥ «ገና ነው… ገና… አባ፣ ፒንክ!» የሚል ድምፅ መጣ። ድምፅዋ ያንቺ ነው፣ እስከዛሬ አላስተዋልኩትም ነበር። እዚህ ላይ ጎንበስ ብዬ አንድ ቫልቭ ማስተካከል ነበረብኝ። የሚስተካከል ቫልቭ አልነበረም።

የወጥ ቤቱ፣ የሻወሩ፣ መጨረሻ ላይ የሽንት ቤቱ ቧንቧ። ሽንኩርቱን አወጣን፤ በቅሎ ነበር። ሽንት ቤቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታጠበ፣ ያውም በሮዝ። ሲያልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ነቀልኩ፣ ጋቢሽን አጥፌ ቤት አስገባሁት። ሊያ ሾርባ አሞቀች። ጨው እሷም አላገኘችም።

በሚያዝያ ሮዙን አጥበን እናወጣለን። ታንኩን እኔ እሞላለሁ፣ የቻልኩትን ያህል ሳላፈስስ፤ ጠበሉንም እጨምራለሁ። ሊያ ትነዳለች፣ ሃንድል ማድረግ እችላለሁ ብላለች። ሽንት ቤቱ እንደተዘጋ ይቀጥላል፤ ይህ ያንቺ ሕግ ነው፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሻርም። በቆምንበት ነዳጅ ማደያ ሁሉ አስታውስሻለሁ። በእኔ ዕድሜ ይህ ብዙ ጊዜ ነው።

ሐሙስ እንደተባለው በረደ። ዓርብ ጠዋት ገብቼ አየሁ። ቧንቧዎቹ ደህና ናቸው፣ ፓምፑ ደህና ነው፣ ማሞቂያው ደህና ነው። ጠርሙሱ ተሰንጥቋል።